«መንስኤ» ወይስ «ሰበብ»?

ጥያቄ፦ የምኖረው ጅማ፣ ሂርማታ ነው። የጎረቤታችን ልጅ የደም ካንሰር ታሞ ይታከማል። እሑድ ቡና ላይ አንዱ «የዚህ በሽታ መንስኤ ቫይረስ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ» ካለ ወዲህ እናቶች ልጆቻቸውን ከእሱ ማራቅ ጀመሩ። በር ላይ ብቻውን ተቀምጦ ሳየው አንጀቴን በላው። ያሳሳታቸው የትኛው ቃል ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቃሉ «መንስኤ» ይመስለኛል። ሥሩ የግእዙ «አንሥአ»፣ ማለትም አስነሣ ነው፤ «ትንሣኤ»ም የዚያው ዘር ነው። «መንስኤው ቫይረስ ነው» ሲባል ሰሚው ቫይረሱ በገባበት ሁሉ ሕመሙ ይነሣል ብሎ ይረዳል። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። በ1964 እ.ኤ.አ. አንቶኒ ኤፕስታይን፣ ኢቮን ባር እና በርት አቾንግ ከኡጋንዳ ሕፃናት በተወሰደ የቡርኪት ሊምፎማ (ከነጭ የደም ሴሎች የሚነሣ ካንሰር) ዕጢ ውስጥ አዲስ ቫይረስ አገኙ። ዛሬ ከ10 አዋቂዎች ከ9 በላይ የሚሆኑት ይህንኑ ቫይረስ ይዘው ይኖራሉ፤ አብዛኞቻችን በልጅነታችን በምራቅ አግኝተነዋል። ከልጁ የሸሹት እናቶችም ሳይዙት አይቀሩም! ቡርኪት የሚይዘው ግን ጥቂቶችን ብቻ ነው፤ ለዚያም የወባ መደጋገም የሰውነትን መከላከያ ማድከሙ ያግዛል። ቫይረሱ ይጋባል፣ ካንሰሩ አይጋባም። ስለዚህ እኔ «ሰበብ» እላለሁ። የጅማ ሙስሊም እናቶች «ሰበብ ማድረስ» ሲሉ ማመካኘትን ሳይሆን የድርሻን መወጣትን ማለታቸው ነውና ቃሉን በበጎው ይሰሙታል።

ሌላ መልስ፦ መጀመሪያ የመለስሽው እህቴ፣ በአንድ ነገር አልስማማም። ኤች ቲ ኤል ቪ-1 የተባለው ቫይረስ ከሌለ የአዋቂዎች ቲ-ሴል ሉኪሚያ የሚባለው የደም ካንሰር የለም፤ እዚያ ላይ «መንስኤ» ትክክል ነው። እሱንም ቢሆን ከተሸከሙት የሚታመሙት ጥቂቶች ናቸው፣ ያውም ከብዙ ዓመታት በኋላ። በሕፃናት ላይ በብዛት ለሚታየው ሉኪሚያ ደግሞ እንዲህ ተለይቶ የታወቀ ቫይረስ የለም። «ሰበብ»ን ሌላው አማርኛ ተናጋሪ «ሰበበኛ»ን አስታውሶ እንደ ማመካኛ ይሰማዋል። «በአንዳንዱ የደም ካንሰር ቫይረስ እጁ አለበት» ብንልስ? እጁ ያለበት ሁሉ ብቻውን አላደረገውም።

ጠያቂው፦ «እጁ አለበት» ቡና ላይ ያለ ማብራሪያ ይገባል፤ ነገ እሞክረዋለሁ። አንድ ነገር ግን ቀረኝ። የልጁ እናት ራሷ ሕመሙን «ነቀርሳ» ነው የምትለው። ሰዉ ደግሞ ቃሉን የሚያውቀው ከሳንባ ነቀርሳ ነው፤ እሱ በሳል ይተላለፋል። እናቲቱን ሳላስከፋ ይህን ቃል በምን ልተካላት?