ሥራዬን ልተው ወይስ ልቆይ? ምከሩኝ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። መርካቶ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ሻጭ ነኝ። አራት ዓመቴ ነው። አሠሪዬ ተመሳስሎ የተሠራውን ዕቃ «ኦሪጅናል ነው» ብዬ እንድሸጥ ነው የሚያዘኝ።

ዘንድሮ ፍልሰታን ከነሐሴ 1 እስከ 15 ጾምኩ። ጠዋት ኪዳን አድርሼ ሱቅ እገባና ስዋሽ እውላለሁ። ባለፈው ሳምንት አንድ የታክሲ ሹፌር የፍሬን ሸራ ገዛ። «ወንድሜ፣ አንተን አምኜ ነው» አለኝ። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ፍሬን እኮ ነው! የሰው ነፍስ አለበት።

እንዳልተው እናቴና ሁለት ታናናሾቼ የሚያድሩት በእኔ ደሞዝ ነው። ወንጌሉን ሳነብ ደግሞ ግራ ይገባኛል። ማቴዎስ ቀራጭነቱን፣ ማለትም ግብር ሰብሳቢነቱን፣ ጥሎ ጌታን ተከተለ። መጥምቁ ዮሐንስ ግን ቀራጮቹን ሥራችሁን ተዉ አላላቸውም፤ ከታዘዘላችሁ በላይ አትውሰዱ ነው ያላቸው (ሉቃስ 3)። ዘኬዎስም የበደለውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። እኔ ለማን ልመልስ? የገዙኝን ሰዎች አላውቃቸውም።

ለንስሐ አባቴ ለመንገር አፍሬ ሦስት ወር ሸሸኋቸው። በዚህ ያለፋችሁ ካላችሁ ከየት ጀመራችሁ? መጀመሪያ እሳቸው ጋ ልሂድ ወይስ አሠሪዬን ላናግር? እባካችሁ።