የዕድራችን መኪና፦ ለጠቅላላ ጉባኤው የሚቀርብ የጋራ ሐሳብ

ጸሐፊ፦
እንደምን ሰነበታችሁ። ያገለገለ የናፍጣ መኪና ይገዛ በሚለው ሥራ አመራሩ ተስማምቷል። የቀረው የትኛው ዓይነት፣ በምን መስፈርት፣ በማን ተመርምሮ የሚለው ነው። እዚህ የምትሉትን ይዤ ረቂቁን አዘጋጃለሁ። የመኪናው ሥራ ድንኳን፣ ወንበርና ድስት ከዕቃ ቤት ሐዘን ቤት ማድረስ፣ አስከሬን ወደ ቤተ ክርስቲያን ማድረስ፣ ከከተማ ውጭ ሐዘን ለገጠመው አባል ለቀስተኛ ይዞ መሄድ ነው። አብዛኛው ምልልስ እዚሁ ጎንደር ከአዘዞ እስከ ወለቃ ነው። ሲርቅ ደባርቅ፣ አይከል፣ ቆላ ድባ ወይም አዲስ ዘመን ነው።

የዕቃ ቤት ኃላፊ፦
ስለ ሞተር ከመነጋገራችን በፊት ልኬቱ ይያዝልኝ። ረጅሙ የድንኳን ምሰሶ 3 ሜትር ነው። የአስከሬን ሳጥኑ ከነመያዣው 2 ሜትር ከ10 ይፈልጋል፤ ጎንና ጎን ሰው የሚቀመጥበት ቦታም ያስፈልገዋል። ስለዚህ የጭነቱ ቦታ ከጋቢናው ጀርባ እስከ ኋላ በር በሜትር ይለካ እንጂ “ሰፊ ነው” በሚል ቃል አንለፈው። የኋላው በር ወደ ላይ የሚከፈት ከሆነ ዝናብ ይከልላል፣ ግን ሞላው ደክሞ እንደሆነ ሰው ጭንቅላት ላይ ይወርዳል። ይህም ይታይ።

ሹፌር፦
እኔ የቶዮታ ላንድ ክሩዘር ሃርድቶፑን ነው የምደግፈው፣ ሎንግ ቤዝ የምንለውን። 4,164 ሲሲ፣ 6 ሲሊንደር፣ ቱርቦ (አየር ገፍቶ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ) የሌለው 1ኤችዜድ ሞተር ያለውን። ኮምፒውተር አይጠይቅም፣ ሁለቱም ዲፈረንሺያል ይሠራል፣ ባሌስትራው ጭነት አይፈራም። ክረምት ላይ ደንቢያ ውስጥ ጥቁር አፈር ሲጨቀይ ሌላ መኪና ጎማው ጭቃ ለብሶ ይቆማል።

ገንዘብ ያዥ፦
ወንድም ሹፌር፣ ስለ ጥንካሬው አልከራከርም። ግን እሱ ጥሩ ይዞታ ላይ ካለ ዋጋው ከሚኒባሱ በብዙ ይበልጣል፤ በ1 ሊትር ከ7 እስከ 8 ኪሎ ሜትር ነው የሚሄደው። ሃይሩፉ፣ ማለትም ጣሪያው ከፍ ያለው የቶዮታ ሚኒባስ፣ ጫን ብሎም 9 ወይም 10 ይሄዳል። በዓመት ስንት ቀን ጭቃ ውስጥ እንገባለን? ያለፉትን ምልልሶች ከመዝገቡ ላይ ስቆጥር ከአስፋልትና ከጥሩ ኮረኮንች የወጣነው በጣት የሚቆጠር ቀን ነው። ለእነዚያ ቀናት አይሱዙ መከራየት ይቀላል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ሻጭ በቀላሉ ዋጋ አይቀንስም። ስለዚህ ብራችንን የማንጠቀምበት ጉልበት ላይ ባናፈስሰው እመክራለሁ።

መካኒክ፦
እትዬ ያሉት ልክ ነው፤ ሥራችን የሃይሩፍ ሥራ ነው። አሁን የትኛው ሃይሩፍ የሚለውን እንለይ፤ በውጭ አንድ መስለው በውስጥ ይለያያሉና።

3ኤልና 5ኤል የሚባሉት ሞተሮች የአንድ ቤተሰብ ናቸው። 3ኤል 2,779 ሲሲ፣ 5ኤል 2,986 ሲሲ ነው። በአብዛኛው የናፍጣ ፖምፓቸው ሜካኒካል ነው፣ ቱርቦ የላቸውም። ከእነሱ በኋላ የመጣው 2ኬዲ 2,494 ሲሲ ሆኖ በቱርቦና በኮመን ሬይል (ናፍጣውን በከፍተኛ ግፊት ይዞ ለኖዝሎቹ በሚያከፋፍል ቱቦ) ይሠራል። ናፍጣ የሚረጨውን ኖዝል የሚያዝዘው ኮምፒውተር ነው።

ጎንደር 2,130 ሜትር ግድም ላይ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ጠለል በአምስተኛው ያህል ያንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው አየር ያነሰውን ያህል ጉልበቱም ይቀንሳል፣ ደባርቅ 2,850 ሜትር አካባቢ ሲደርስ ይበልጥ። ቱርቦ ያለው ይህን ያካክሳል። ስለዚህ ዳገት ላይ 2ኬዲ እንደሚሻል አልክድም።

ችግሩ ናፍጣው ነው። ኮመን ሬይል ውኃ ወይም ቆሻሻ ያለበት ናፍጣ ከገባበት ኖዝሎቹ ያልቃሉ፣ አራቱን ማስለወጥ ደግሞ የዕድሩን ካዝና ያናጋል። ሌላም አለ። በኬዲ ሞተሮች ኖዝሉ ሥር ያለችው የመዳብ ዋሸር ስታፈስ የተቃጠለው ጋዝ ወደ ዘይቱ ይገባል፣ ዘይቱ ይጠቁራል፣ ይወፍራል፣ ከኮፓው (ከሞተሩ ሥር ካለው የዘይት መያዣ) ውስጥ ዘይት የሚስበውን ወንፊት ይደፍነዋል። የዘይት መብራት ሲበራ ብዙ ጊዜ ኩሽኔታው ተበልቷል። መካኒካሉ ፖምፓ ግን ማንኛውም የኖዝል ባለሙያ የሚፈታው ነው። ድምፄ ለ5ኤል ነው።

ሹፌር፦
ይሁን። ነገር ግን 14 ሰው ጭኖ የኮሶዬን ዳገት በ2ኛ ማርሽ እንደሚወጣ ከአሁኑ ይታወቅ። ለቀስተኛ ቀደም ብሎ ይነሣል እንጂ ሹፌሩ መኪናውን እንዲያስገድደው አይጠበቅም። ይህን ረቂቁ ላይ ጻፉት፣ ኋላ “መኪናው ደካማ ነው” ተብሎ ፖምፓው ላይ ናፍጣ እንዳይጨመርበት። ናፍጣ ሲጨመር ጭሱ ይጠቁራል፣ ሙቀቱም ይጨምራል፣ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ይሰነጠቃል።

መካኒክ፦
ስለ ሙቀቱ ትንሽ ልጨምር፣ 5ኤልን የሚገድለው እሱ ነውና። ሞተሩ ከጋቢናው ወንበር ሥር ነው ያለው፣ አየር በቀላሉ አያገኘውም። ሞቆ ከተነዳ ቴስታታው በቫልቮቹ መካከል ይሰነጠቃል ወይም ከሥሩ ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ይነፋል። ውኃ ጎንደር ላይ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ውኃውን ወደ ራዲያተሩ የሚለቀው ቴርሞስታት የሚከፍተው 80ዎቹ ውስጥ ነው፤ በመካከሉ ያለው ክፍተት ጠባብ ነው። ይህን ክፍተት በዋናነት የሚያሰፋልን የራዲያተር ክዳኑ ነው። 0.9 የሚል ክዳን ግፊቱን ይዞ ከቆየ ውኃው ከ110 ዲግሪ በላይ እስኪደርስ አይፈላም። ጎማው የደረቀ ክዳን ግን ግፊት አይይዝም፤ እዚሁ አዘዞ መውጫ ላይ ያፈላል። ስለዚህ በትንሽ ብር የሚገዛው ክዳን የሞተሩ ጠባቂ ነው። የተገዛ ዕለት ክዳኑ፣ ቴርሞስታቱና የራዲያተር ጎማዎቹ ይለወጡ። ቴርሞስታቱን አውጥቶ ጥሎ መንዳት መፍትሔ አይደለም፤ ከዚህ ቀደም የሞቀ መሆኑን ለመደበቅ የሚያወጡትም ስላሉ፣ ቢጠፋ ምክንያቱ ይጠየቅ።

ጸሐፊ፦
ጥሩ። እንግዲህ አንድ መኪና ተገኘ እንበል። የሚያዩት ሰዎች ምን ያድርጉ? በቅደም ተከተል ጻፉልኝ፣ ለጉባኤው የሚያስፈልገው ይህ ነው።

መካኒክ፦
ሻጩ ሳያስነሣው በማለዳ እንሂድ፤ አስቀድሞም ይነገረው። ኮፈኑ ወይም ወንበሩ ሲነሣ ሞተሩን በእጅ መዳፍ መንካት ነው። ለብ ካለ ሌላ ቀን እንመለሳለን፤ ሞቆ የቆየ ናፍጣ ሞተር የመነሣት ችግሩን ይደብቃልና። ቁልፉ ሲዞር የማሞቂያ መብራቱ በርቶ እስኪጠፋ ይጠበቅ። ከዚያ በጥቂት ዙር ካልተነሣ ወይ ማሞቂያ ካንዴላው፣ ወይ ኖዝሉ፣ ወይ ኮምፕሬሽኑ (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው አየር ግፊት) ነው።

ጭሱን ነጭ፣ ሰማያዊ፣ ጥቁር ብለን እንለየው። በጠዋት ብርድ ትንሽ ነጭ ወጥቶ ከጠፋ ምንም አይደለም። ሞቆም ካልጠፋና ራዲያተሩ ውኃ ካጎደለ ውኃ ወደ ሲሊንደሩ ይገባል ማለት ነው። ሰማያዊው ዘይት ነው። ጥቁሩ ግን በኛ ከፍታ ላይ ሰው ያሳስታል። ከመተማ ወይም ከሑመራ በኩል ቆላ የኖረ መኪና ፖምፓው ለዚያ አየር ስለተስተካከለ እዚህ ሲወጣ ያጨሳል፤ ሞተሩ አርጅቶ ላይሆን ይችላል። ፖምፓው ከተስተካከለ ይጠራል።

ከዚያ ሞተሩ እየሠራ የዘይት መጨመሪያው ክዳን ይከፈት፣ ተገልብጦም ቀዳዳው ላይ ይቀመጥ። ትንሽ እየተንቀጠቀጠ ቢቆይ ደህና ነው። ዘሎ ከወደቀ ወይም እንደ ጀበና ከተነነ የፒስተኑ ፋሻ ተበልቷል፣ ዋጋም አንነጋገርም።

ይህን ሁሉ ካለፈ ኮምፕሬሽን እናስለካለን። ሞተሩ ሞቆ፣ ማሞቂያ ካንዴላዎቹ በሙሉ ወጥተው፣ የፖምፓው ናፍጣ መዝጊያ ሽቦ ተነቅሎ፣ ባትሪው ሙሉ ሆኖ ነው የሚለካው። የጥገና መጽሐፉ ለዚህ ሞተር 31 ባር ግድም ይላል፣ ዝቅተኛው ደግሞ 20። ያ ለባሕር ጠለል ነው። ጎንደር ላይ ደህና ሞተር 24 ቢያሳይ አትደንግጡ። ዋናው በአራቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ ከ4 ባር ከበለጠ ይተው።

ሹፌር፦
የመንዳቱን ፈተና ለእኔ ተዉልኝ። ወለቃን አልፎ ኮሶዬ ድረስ ነው የሚሄደው፣ ደርሶ መልስ 60 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። 10 ሰው ይጫን። ሲወጣ የሙቀት መርፌው ከግማሽ በላይ ከሄደ ይቆማል። በዳገቱ መሀል በ3ኛ ማርሽ ጋዝ ሙሉ ሲረገጥ የሞተሩ ድምፅ ብቻ ከፍ ብሎ ፍጥነቱ ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። ሲወርድ በየማርሹ ጋዝ እየተለቀቀ ካምቢዮው ማርሹን ከተፋ አልቋል። ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ጎን ከጎተተ የተቃራኒው ጎን የፍሬን ሲሊንደር አይሠራም። ከኋላ አክሱል በላይ ደግሞ እንደ ጭነቱ የኋላውን ፍሬን የሚያስተካክል ዘንግ ያለው ቫልቭ አለ። ብዙ ቦታ ዘንጉ ታስሮ ወይም ተቆርጦ ነው የሚገኘው። ሰው የጫነ መኪና ሊማሊሞን በዚያ ዓይነት ፍሬን አይወርድም።

የዕቃ ቤት ኃላፊ፦
ጎማውስ?

ሹፌር፦
195፣ 15 ኢንች፣ 8 ፕላይ የጭነት ጎማ መሆን አለበት። የአውቶሞቢል ጎማ የተገጠመለት ካለ ዋጋው ላይ የ4 ጎማ ይቀነስ። ጎኑ ላይ ያሉት 4 አሃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ ጥርሱ ቢኖረውም 6 ዓመት ካለፈው አንቀበልም።

ገንዘብ ያዥ፦
የወረቀቱንና የብሩን ነገር እኔ ልያዝ። የሊብሬው ሻንሲና ሞተር ቁጥር ከመኪናው ላይ ከተመታው ጋር አሃዝ በአሃዝ ይመሳከር፤ ቁጥሩ አካባቢ ብየዳ ወይም አዲስ ቀለም ካለ ንግግሩ ይቋረጥ። ሻጩ ባለ ሊብሬው ራሱ ወይም ሕጋዊ ውክልና ያለው ይሁን። ዕዳና ዕገዳ እንደሌለበት ፋይሉ ካለበት የትራንስፖርት ቢሮ ይረጋገጥ። ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነ ቀረጡ መከፈሉን የሚያሳይ ሰነድ ሳይቀርብ ቀብድ አይሰጥም። ክፍያው በሲፒኦ ይሁን እንጂ በእጅ ብር አይሁን። ስሙ የሚዞረው በዕድሩ እንጂ በማናችንም ስም አይደለም፤ ለዚህም የዕድሩ ምዝገባ መታደሱና የጉባኤው ቃለ ጉባኤ መኖሩ ግድ ነው።

ከተመደበው ብር ከመቶ 15ቱን ለመጀመሪያው ጥገና እንድናስቀር እጠይቃለሁ። ሁሉንም ለግዢ ካወጣነው መኪናው ግቢ ቆሞ ይቀራል።

መካኒክ፦
እትዬ፣ እግዜር ይስጥልን፤ እኔም ይህንኑ ልል ነበር። በዚያ ብር የሚሠራው ይህ ነው። የታይሚንግ ቺንጋው ከነመወጠሪያው ይለወጥ። ሻጩ “በቅርቡ ተቀይሯል” ቢልም አንሰማውም፤ ልኩ 100,000 ኪሎ ሜትር ነው፣ ከተበጠሰ ፒስተንና ቫልቭ ይጋጫሉ፣ የኪሎ ሜትር ቆጣሪ ደግሞ ወደ ኋላ ይመለሳል። ቆጣሪውን ሳይሆን የፍሬን ፔዳሉን ጎማ እዩ፤ 120,000 የሚል ቆጣሪ ይዞ ፔዳሉ እስከ ብረቱ ከተበላ ቁጥሩ ሐሰት ነው። ከዚያ ዘይት ከነፊልትሮው፣ የናፍጣ ፊልትሮ፣ የአየር ፊልትሮ፣ የፍሬን ዘይት። የናፍጣ ማጠራቀሚያው፣ ሰልባትዮው፣ ወርዶ ይታጠብ። የናፍጣ ፊልትሮው ሥር ያለው የውኃ ማፍሰሻ በየ15 ቀኑ ይከፈት፤ ይህን የሚያደርግ ሰው በስም ይመደብ።

ጸሐፊ፦
ረቂቁ እንዲህ ይነበባል። “ዕድሩ 5ኤል ሞተር፣ ማንዋል ካምቢዮና ከመነሻው የግራ መሪ ያለው ሃይሩፍ ሚኒባስ ይግዛ። ጥሩ 5ኤል ከጠፋ 3ኤል ይታይ፤ 2ኬዲ የሚታየው የኖዝሎቹ መፈተሻ ውጤት በወረቀት ከቀረበ ብቻ ነው። ምርመራው በማለዳ፣ በመካኒኩና በሹፌሩ ይደረግ፤ ከሁለቱ አንዱ ካልፈረመ ግዢ የለም። የጭነት ቦታው 3 ሜትር ምሰሶ የሚያስገባ ይሁን። ከመቶ 15 ለጥገና ይቀመጥ። ክረምት ላይ ጥቁር አፈር ባለበት መንገድ መኪናው ጠጠሩ የሚያበቃበት ይቁም፤ ከዚያ ለሚቀጥለው ኪራይ ይፈቀድ።” የሚስተካከል ካለ እስከ እሑድ ንገሩኝ።

የዕቃ ቤት ኃላፊ፦
አንድ ይስተካከል። ምሰሶውን ለማስገባት የኋላ ሁለት ወንበሮች በብሎን የሚፈቱ ይሁኑ የሚል ይጨመር። የሰው ቁጥሩ ሊብሬው ላይ ስለሚጻፍም ወንበሮቹ ተፈትተው ይቀመጡ እንጂ አይሸጡ።

ሹፌር፦
ኮሶዬ ድረስ ያለው የመንዳት ፈተናም በስም ይጻፍ። “ይነዳ” ብቻ ከተባለ ፒያሳን ዞረው ይመለሳሉ።

ጸሐፊ፦
ሁለቱም ገብተዋል። ገንዘብ ያዧ የዕድሩን ምዝገባ ወረቀት ማክሰኞ ያምጡልኝ፤ ከረቂቁ ጋር አያይዤ ለሰብሳቢው እሰጣለሁ።