የአባ ሰንጋ ኢንዛይም ከሰው ካልሞዱሊን ጋር፦ የ1ኬ93 መዋቅር አስቸገረኝ

የደሴዋ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለሴሚናር የያዝኩት ርዕስ የአባ ሰንጋ ባክቴሪያ የሚያመነጨው ኢዴማ ፋክተር (እብጠት የሚያመጣው ኢንዛይም) ከሰው ካልሞዱሊን (ካልሲየም ከሚይዝ የሴል ፕሮቲን) ጋር ተጣብቆ የሚታይበት መዋቅር ነው፤ በፒዲቢ (የፕሮቲን መዋቅሮች ማከማቻ) መለያው 1ኬ93። በኪሜራኤክስ (መዋቅር ማሳያ ፕሮግራም) ስከፍተው ኢንዛይሙም ካልሞዱሊኑም ሦስት ሦስት ሆነው ይመጣሉ። ካልሞዱሊን አራት ካልሲየም ይይዛል ተብሎ ተምረን እዚህ ግን በእያንዳንዱ ላይ ሁለት ብቻ ነው የማየው። የሚነካኩትን አሚኖ አሲዶች በሠንጠረዥ ማውጣትም እፈልጋለሁ። ላፕቶፑ 4 ጊጋባይት ራም ነው፤ ሰርፌስ (የፕሮቲኑን ውጫዊ ገጽ የሚያሳየውን) ሳበራ ቀጥ ይላል።

ኮምቦልቻ፦
እህቴ፣ ሦስት መሆናቸው ስህተት አይደለም። ክሪስታሉ ውስጥ የሚደጋገመው አሃድ ሦስት ጥንድ ስለያዘ ነው፤ ሥራው የሚሠራው ግን አንድ ኢንዛይም ከአንድ ካልሞዱሊን ጋር ሆኖ ነው። ስለዚህ አንድ ጥንድ አስቀሪና ሌላውን አጥፊ። ማን ከማን እንደተጣመረ ግን በዓይን ግምት አትወስኚ፤ የጎረቤት ጥንድ ካልሞዱሊንም በክሪስታሉ አደራደር ምክንያት ጠጋ ብሎ ሊታይ ይችላል። ከሴሌክት ሜኑ በቼይንስ አንዱን ካልሞዱሊን ምረጪ፣ ከዚያ ዞን የሚለውን ከፍተሽ 4 አንግስትሮም (የአቶሞች ርቀት መለኪያ) ስጪው። ብዙ አሚኖ አሲድ የበራበት ኢንዛይም ጥንዱ ነው።

ላፕቶፑን የሚያንቀው ሰርፌሱና ጥላው ነው። መብራቱን ሲምፕል ላይ አድርጊ፣ ሰርፌሱን ተዪው፣ በሪባን (ሰንሰለቱን እንደ ጥብጣብ በሚያሳየው) ሥሪ። ሁለቱን ትርፍ ጥንዶች ስታጠፊ ራሱ ይቀልሻል። ፋይሉን አንዴ አውርደሽ ኮምፒውተርሽ ላይ ካስቀመጥሽው ኢንተርኔት አያስፈልግሽም። መብራት ሳይሄድብሽ ሴሽኑን ቶሎ ቶሎ ሴቭ አድርጊ።

ወልዲያ፦
ካልሲየሙ ክሪስታሉ ሲሠራ አንሶ ይሆናል። ሁለቱን በባዶዎቹ ቀለበቶች ላይ ብትጨምሪያቸው ምስሉ ከመጽሐፉ ጋር ይገጥማል።

ሐይቅ፦
እባክሽ እንዳትጨምሪ! እዚህ መዋቅር ላይ ትልቁ ቁም ነገር እሱ ነው። ካልሞዱሊን 148 አሚኖ አሲድ ያለው፣ በሁለት ጫፉ ሁለት ጉብታ ያለው ፕሮቲን ነው፤ እያንዳንዱ ጉብታ ሁለት የካልሲየም ቀለበት አለው። በዚህ ክሪስታል ውስጥ ካልሲየም የያዘው የመጨረሻው ጉብታ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ካልሲየም ሳይይዝ፣ እንደተዘጋ ነው ከኢንዛይሙ ጋር የተያያዘው። ካልሲየም ቢጨመርበት የጉብታው ቅርጽ መከፈት አለበት፤ በተዘጋ ቅርጽ ላይ ካልሲየም መትከል የሌለ ነገር መሳል ነው።

በዓይንሽ እንድታዪው ወደ ካልሞዱሊኑ አስፓርቴት 129 (129ኛው አሚኖ አሲድ) ሂጂ። ካልሲየሙን 129፣ 131፣ 133 እና ግሉታሜት 140 ከበውት ታገኛለሽ። ከኦክስጅኖቹ ያለውን ርቀት ለኪ፤ በመልካም መዋቅር 2.4 አንግስትሮም አካባቢ ይሆናል። ይህኛው መዋቅር የተሠራው በ2.95 አንግስትሮም ጥራት (ቁጥሩ ሲያድግ ጥራቱ ይቀንሳል) ስለሆነ ትንሽ ወዲያ ወዲህ ቢል አይግረምሽ። ቀጥሎ 20፣ 22፣ 24 እና 31ን እዪ፤ መሃሉ ባዶ ነው።

ሌላ የሚያደናግር ነገር፦ የካልሞዱሊን ጽሑፎች ኢኤፍ ሲሉ የካልሲየም ቀለበቱን ነው፤ የአባ ሰንጋ ጽሑፎች ኢኤፍ ሲሉ ኢዴማ ፋክተርን ነው። ስላይድሽ ላይ ሙሉ ስሙን ጻፊ።

ወልዲያ፦
ልክ ነው፣ የእኔን መልስ ተዪው።

ከሚሴ፦
ሠንጠረዡን በተመለከተ። ከቱልስ ሜኑ በስትራክቸር አናሊሲስ ሥር ኮንታክትስ አለ። ካልሞዱሊኑን መርጠሽ ከኢንዛይሙ ጋር ያለውን ብቻ እንዲፈልግ አድርጊ፤ መለኪያውን በርቀት 4.0 አንግስትሮም አድርጊና ውጤቱን ወደ ፋይል አስቀምጪ። ሃይድሮጅን አትጨምሪ፤ በዚህ ጥራት ሃይድሮጅን አይታይም፣ የምትጨምሪው ፕሮግራሙ የገመተውን ነው።

ይህን ደግሞ አትዝለዪ፦ ትርፍ ያልነውን ሁለቱን ጥንዶች ከማጥፋትሽ በፊት ለሦስቱም ዝርዝሩን አውጪ። በሦስቱም የተደጋገመውን እንደ እውነተኛ ንክኪ ያዢ፤ በአንዱ ብቻ የታየውን በሌላ ቀለም ምልክት አድርጊበት። በ2.95 አንግስትሮም የጎን ሰንሰለት ጫፍ የት እንደዞረ ሁልጊዜ እርግጠኛ አይኮንም። ከኢንዛይሙ ወገን በ520ዎቹ ያሉ አሚኖ አሲዶች በዝርዝርሽ ውስጥ ከሌሉ የተሳሳተ ጥንድ ይዘሻል ማለት ነው።

ሐይቅ፦
ጊዜ ካለሽ ብቻውን ያለውን ኢንዛይም፣ 1ኬ8ቲን፣ ጎን ለጎን ክፈቺ። ካልሞዱሊን ሲገባ የኢንዛይሙ ሄሊካዊ (ጥምዝምዝ) ክፍል 15 አንግስትሮም ያህል ገሸሽ ብሎ 30 ዲግሪ ይዞራል። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው፤ ሁለቱን ሙሉ በሙሉ ያነባብራቸውና እንቅስቃሴው ተበታትኖ ይጠፋበታል። በማችሜከር (መዋቅሮችን በሚያነባብረው መሣሪያ) ስታነባብሪ ከ350 እስከ 489 ያለውን ብቻ ምረጪና በተመረጠው እንዲወሰን አድርጊ፤ ከ660 በኋላ ያለው ክፍል ሲሸሽ ጥርት ብሎ ይታይሻል።

ከዚያ የኢንዛይሙን 580ዎቹ አሚኖ አሲዶች አጉልተሽ እዪ። ብቻውን ባለው ኢንዛይም እዚያ ያለው ቀለበት (የካልሲየሙ አይደለም) ስለሚዋዥቅ በነጠብጣብ መስመር ነው የሚታየው፤ ካልሞዱሊን ሲገባ ረግቶ ይታያል። ካልሞዱሊን ገቢር ቦታውን (ኢንዛይሙ ሥራውን የሚሠራበትን) አይነካውም፤ ከሩቅ ሆኖ ቀለበቱን ነው የሚያረጋጋው። ኢንዛይሙም ኤቲፒን (የሴል ኃይል ተሸካሚውን) ወደ ሳይክሊክ ኤኤምፒ (የሴል መልእክት አስተላላፊ) መቀየሩን በሺህ እጥፍ ያፋጥነዋል፤ ሴሉ ውስጥ ሳይክሊክ ኤኤምፒ ሲበዛ ነው እብጠቱ የሚመጣው።

ኮምቦልቻ፦
ሴሚናሩን የሚሰማው የገጠር ልጅም ስለሚኖር አንድ ስላይድ ጨምሪበት፦ በድንገት የሞተ፣ ከአፍንጫው ጥቁር ያልረጋ ደም የሚወጣ ከብት አይታረድም፣ አይገፈፍም፣ ቅርጫ አይገባም፤ ሳይነካ ለእንስሳት ሐኪም ይነገራል። ሬሳው ሲከፈት ባክቴሪያው ስፖር ይሠራል፤ ስፖሩም አፈር ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ይቆያል።

የደሴዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ሠንጠረዡ ወጣ፣ 520ዎቹም አሉበት። ግን የካልሞዱሊኑ ቁጥር ከዩኒፕሮት (የፕሮቲን ቅደም ተከተል ማከማቻ) ጋር በአንድ ይለያያል፤ 140 ያላችሁት እዚያ 141 ነው።

ከሚሴ፦
ዩኒፕሮት የመጀመሪያውን ሜቲዮኒን ስለሚቆጥር 149 ያደርገዋል፤ መዋቅሩ ግን ሜቲዮኒኑ ከተነሳ በኋላ ያለውን 148 ነው የሚቆጥረው። ለካልሞዱሊን አንድ ጨምሪ። ለኢንዛይሙ ምንም አትጨምሪ፣ አትቀንሺ፤ ከ291 እስከ 800 ያለው ቁጥር ከዩኒፕሮት ጋር አንድ ነው። የመጀመሪያው 290 የጠፋ መስሎሽ እንዳትፈልጊው፤ ለክሪስታሉ የተሠራው ቁራጭ ያንን ክፍል አልያዘም።