ከማሰራጫው ጉልበትና ከአንቴናው ከፍታ የትኛው ይቅደም?

አስተባባሪ፦
ጤና ይስጥልኝ። በበጎ ፈቃደኞች የሚንቀሳቀስና ለገጠር አካባቢ የሚያሰራጭ የማኅበረሰብ ኤፍ ኤም ሬዲዮ ጣቢያ አስተባብራለሁ። ማሰራጫችን 100 ዋት ሲሆን አንቴናው በ30 ሜትር ማማ ላይ ተተክሏል። ከኮረብታው ማዶ ያሉ መንደሮች ድምፃችንን እየተቆራረጠ ይሰሙታል፤ ጭራሽ የማይሰሙትም አሉ። አድማጮች ካዋጡት ገንዘብ ላይ ቦርዱ 400 ዋት ማሰራጫ ሊገዛ አስቧል። ገንዘቡ ለሁለተኛ ሙከራ የሚተርፍ ስላልሆነ፣ ውሳኔው ከመጽደቁ በፊት ልምድ ያላችሁ ሰዎች ምክራችሁን እንድትለግሱን እጠይቃለሁ።

ቴክኒሻን፦
የኤፍ ኤም ሞገድ በአብዛኛው በቀጥታ መስመር የሚጓዝ በመሆኑ፣ መንደሮቹን የጋረዳቸው የዋት ማነስ ሳይሆን ኮረብታው ራሱ ይመስለኛል። ጉልበቱን በአራት እጥፍ ስታሳድጉ የምታገኙት 6 ዴሲቤል (የጉልበት ለውጥ የሚለካበት አሃድ) ነው፤ ይህም የሞገዱን ጥንካሬ በእጥፍ ይጨምራል እንጂ የሚሸፍነውን ርቀት በእጥፍ አይጨምርም። በአንጻሩ በሜዳማ መሬት ላይ የ30 ሜትር አንቴና የሬዲዮ አድማስ (ሞገዱ ሳይጋረድ የሚደርስበት ርቀት) 22 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ አንቴናው ከዙሪያው መሬት 100 ሜትር ከፍ ቢል ወደ 41 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ለዚህም ረጅም ማማ መገንባት ግድ አይደለም፤ ያለውን ማማ ኮረብታው ላይ መትከል ይበቃል። እርግጥ ኮረብታው መንገድና የኤሌክትሪክ መስመር ሊኖረው ይገባል (ብዙውን ጊዜ የለውም)፤ ድምፁን ከስቱዲዮው ወደዚያ የሚያደርስ ማገናኛ መሣሪያም ያስፈልጋል። በፀሐይ ኃይል የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ 400 ዋት የሚያሰራጭ መሣሪያ የሚስበው ኃይል ከ400 ዋት በላይ እንደሆነ፣ ባትሪውም ሌሊቱን መሸከም እንዳለበት አትርሱ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ኬብሉን ፈትሹ። በኬብልና በማያያዣዎች ላይ 3 ዴሲቤል ብቻ ከጠፋ የማሰራጫው ጉልበት እኩሌታ አንቴናው ጋ ሳይደርስ ይቀራል። ማያያዣው ሲፈታ ውሃ ጠብ ያለበትና መዳቡ አረንጓዴ ዝገት ያወጣ ጣቢያ ብዙ ጊዜ ገጥሞኛል። ማሰራጫው ተመላሽ ኃይል (አንቴናው ሳይፈነጥቀው ወደ ማሰራጫው የሚመለሰውን ጉልበት) ስንት እንደሚያሳይ ብትነግሩን ነገሩ ይጠራል።

የፈቃድ ጉዳይ ተከታታይ፦
አንድ ነገር ልጨምር። በአብዛኛው የስርጭት ፈቃዱ ድግግሞሹን ብቻ ሳይሆን የአንቴናውን ቦታ፣ ከፍታና የሚፈነጥቀውን ኃይልም ይወስናል። ስለዚህ ማሰራጫውን ብትቀይሩም ማማውን ብታዛውሩም ተቆጣጣሪውን መሥሪያ ቤት ማስፈቀድ ሊያስፈልግ ይችላልና፣ መልሱ ሳይመጣ ዕቃ አትግዙ።

የፕሮግራም አዘጋጅ፦
የቴክኒኩን ጉዳይ ለባለሙያዎቹ ልተወውና፣ ቦርዱ ከኮረብታው ማዶ ያለውን አድማጭ በዋት ብቻ ለመድረስ ማሰቡ ግን አሳስቦኛል። እ.ኤ.አ. በ1947 በኮሎምቢያ ገጠር በአንድ ካህን የተመሠረተው ራዲዮ ሱታቴንሳ ገበሬዎችን ያስተማረው በማሰራጫው ብቻ አልነበረም፤ በየመንደሩ ጥቂት ሰዎች በአንድ መቀበያ ዙሪያ ተሰብስበው እንዲያዳምጡና ከመካከላቸው አንድ ረዳት ትምህርቱን እንዲመራ ያደርግ ነበር። እናንተም ሞገዱ የማይደርስበት መንደር ውስጥ አንድ ፈቃደኛ ብታገኙ፣ የተቀዱትን ፕሮግራሞች በሚሞሪ ካርድ ወስዶ ሊያሰማና የመንደሩን ጥያቄ ይዞ ሊመለስ ይችላል። የቀጥታ ስርጭትን አይተካም፤ የአየር ሁኔታ ማስጠንቀቂያ በካርድ አይላክምና። ሆኖም ፈቃዱ እስኪመጣ ድረስ መንደሩን ከጣቢያው ጋር ያቆየዋል። አቅራቢ ቀርቶ ጣቢያው ዝም የሚልበት ሰዓት ካለም እሱን አስቀድሙ፤ በቀጠሮው ሰዓት ያልተገኘ ፕሮግራም በ400 ዋትም አድማጭ አያገኝም።

አስተባባሪ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የማሰራጫውን ቆጣሪ ዛሬ አንብበነዋል፤ 100 ዋት ሲልክ 14 ዋት ተመላሽ ያሳያል። ይህ ያሰጋል?

ቴክኒሻን፦
ያሰጋል። ጤናማ አንቴና ላይ ከ100 ዋት የሚመለሰው ከ4 ዋት ባይበልጥ ይመረጣል። ማሰራጫው እንዳይጎዳ እስኪጠገን ድረስ ጉልበቱን ቀንሱት። ከዚያም አጥፍታችሁ፣ ማንም እንዳያበራው ቆልፋችሁ፣ ቀበቶና ልምድ ያለው ሰው ወደ ማማው ይውጣ፤ ሰማዩ ነጎድጓድ ካዘለ ግን ለሌላ ቀን ይቆይ። መጀመሪያ የአንቴናውን ማያያዣ ይፍታ፤ እርጥበት ካገኘ ማያያዣውን በአዲስ ይተካና ውሃ በማያስገባ ቴፕ ከታች ወደ ላይ ይጠቅልለው። ተመላሹ ከዚያ በኋላም ካልወረደ ችግሩ በኬብሉ ወይም በአንቴናው ውስጥ ስለሆነ አዲሱን ቁጥር ጻፉልን። የ400 ዋቱን ግዢ እስከዚያ አቆዩት፤ በዚህ አንቴና ላይ ቢገጠም የሚመለስበት 56 ዋት ነው።