ለጥምቀት ጎንደር ስንሄድ የአገሩን ምግብ በአስጎብኚ ብንቀምስ ይሻላል ወይስ በራሳችን?

ጠያቂዋ፣ ከአዲስ አበባ

ጤና ይስጥልኝ። በመጪው ጥምቀት ከባለቤቴ፣ ከሁለት ልጆቻችንና 70 ዓመት ካለፋቸው አማቴ ጋር ከጥር 8 እስከ ጥር 13 ጎንደር ለመቆየት አስበናል። ፋሲል ግቢን፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴንና ቁስቋምን የሚያሳየን ሰው እንደማናጣ አውቃለሁ፤ እኔን ያሳሰበኝ የምግቡ ነገር ነው። አማቴ የተወለዱት ደምቢያ ነው። በልጅነታቸው ወደ አዲስ አበባ ከመጡ ወዲህ አገራቸውን ተመልሰው አላዩም፤ የጾም ወራት በመጣ ቁጥር ግን የእናታቸውን ስልጆ እያነሡ ሲናገሩ እሰማለሁ። እኔ ስልጆን የማውቀው በስም ብቻ ነው፤ ልጆቼ ደግሞ ስሙንም አያውቁትም። ስለዚህ ይህ ጉዞ ከበዓሉ በተጨማሪ የአገሩን ምግብ ከነአሠራሩ የምናይበት እንዲሆን እፈልጋለሁ።

እንድጠነቀቅ ያደረገኝ አንድ ገጠመኝ አለ። ከሦስት ዓመት በፊት በሌላ ከተማ የባህል ምግብ እየዞርን እናስቀምሳለን ላለን አንድ አስጎብኚ ከፍለን ነበር። በግማሽ ቀን ውስጥ አራት ምግብ ቤቶች ወሰደን፤ በአራቱም የቀረበልን በያይነቱና ጥብስ ነበር፤ አንድም ማድ ቤት አልገባንም፤ ምግቡን ከሠሩት እናቶች ጋር አንዲት ቃል አልተለዋወጥንም። ከከፈልነው ገንዘብ ውስጥ ለቤቶቹ የደረሰው ምን ያህል እንደሆነ ስጠይቀውም ጥያቄዬን ሰምቶ እንዳልሰማ አለፈው። ጠግበን ተመለስን እንጂ ስለዚያ አገር ምግብ ያወቅነው ነገር አልነበረም።

ጎንደርን የምታውቁ ወንድሞችና እህቶች፣ በአስጎብኚ መመራቱ ይሻለናል ወይስ እየጠየቅን በራሳችን ብንዞር ይበቃናል? በእነዚያ ስድስት ቀናት ውስጥስ የትኛው ቀን ለየትኛው ምግብ ይመቻል? አማቴ ብዙ መራመድ እንደማይችሉና ረቡዕና ዓርብን አጥብቀው እንደሚጾሙ አስባችሁ ምከሩኝ።

አስጎብኚ፣ ከጎንደር

እህቴ፣ እግዚአብሔር በሰላም ያምጣችሁ። በዚህ ከተማ እንግዳ በማስጎብኘት ሥራ ከዐሥር ዓመት በላይ ቆይቻለሁ፤ በሌላ ከተማ የደረሰባችሁ ነገር እዚህ ፈጽሞ አይደርስም ብዬ ግን ልዋሽዎ አልፈልግም። ከመስማማትዎ በፊት አስጎብኚው የሥራ ፈቃዱን እንዲያሳይዎት፣ ወደ ሰው ቤት እስከ ማድ ቤቱ ድረስ የሚያስገባችሁ መሆኑን እንዲነግርዎትና ለእያንዳንዱ ቤት የሚከፈለውን ገንዘብ ለይቶ እንዲያስረዳዎት ይጠይቁት። የመጨረሻውን ለመመለስ የሚያመነታ ከሆነ ይተዉት።

ጎንደር ላይ ማዕዱን የሚወስነው ቀኑ ነው። እናንተ የምትቆዩባቸው ቀናት ከገና በኋላ ስለሆኑ ከረቡዕና ዓርብ በስተቀር የፍስክ ናቸው፤ ሆኖም ጥር 10 ከተራ በየትኛውም ዕለት ቢውል የገሃድ ጾም ነው፤ ጥር 11 ጥምቀት ደግሞ ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውል እንኳ ይበላበታል። ይህን ሳያውቁ የሚመጡ እንግዶች ከተራ ዕለት ዶሮ ወጥ ፈልገው ያጡና ከተማው ምግብ የለውም ብለው ሲያዝኑ አይቻለሁ። እኔ ብሆን የጾሙን ምግብ፣ ማለትም ስልጆውን፣ የሱፍ ፍትፍቱን፣ ተልባውን፣ አዚፋውንና ሽሮ ተጋቢኖውን ጥር 10 ጠዋት ታቦታቱ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ከመውረዳቸው በፊት አደርገዋለሁ፤ ዶሮውንና ጠጁን የሚካኤል ታቦት ወደ መንበሩ ለሚመለስበት ለጥር 12፣ ለቃና ዘገሊላ፣ አቆየዋለሁ።

ስለ ቤቶቹ ብዛት ልምከርዎ፤ በአንድ ቀን ከሦስት ቤት አይለፉ። የቅምሻ ጉብኝት የሚባለው ነገር ከውጭ የመጣ አሠራር ነው፤ እኛ ዘንድ እንግዳ ቀምሶ አይሄድም፣ በልቶ ነው የሚሄደው። አንዲት እናት ለእንግዳ ሁለት ጉርሻ የምታህል ምግብ ማቅረብ ያሳፍራታል፤ እንግዳው ደግሞ ያቀረበችለትን ትቶ ሲነሣ ምግቤን ናቀው ብላ ታዝናለች። በሞቴ፣ አፈር ስሆን እየተባለ በመጀመሪያው ቤት እስከ አንገቱ የጠገበ ሰው በሁለተኛው ቤት የሚቀምሰው ነገር አይጣፍጠውም፤ በሦስተኛው ቤትማ ቁጭ ብሎ መጨዋወት እንኳ ያቅተዋል። ጥሩ አስጎብኚ ይህን አስቀድሞ ያስተካክላል። ለባለቤቶቹ እንግዶቹ ከእርሳቸው ቤት ቀጥሎ ሌላ ቤት እንደሚጠበቁ ይነግራል፤ ለሁሉም በአንድ ትሪ መጠነኛ ምግብ እንዲቀርብ ይስማማል፤ ለእንግዶቹም የመጀመሪያውን ጉርሻ እምቢ እንዳይሉ፣ ከዚያ በኋላ ግን እጃቸውን ሰብሰብ ቢያደርጉ ነውር እንደማይሆን ያስረዳል። እኔ አስጎብኚ ያስፈልጋል የምለው ከሁሉ በላይ ለዚህ ነው፤ መንገዱንማ ማንም ያሳያችኋል።

ስለ አማትዎ አይጨነቁ። ፋሲል ግቢ መሐል ከተማው ላይ ለፒያሳ ቅርብ ነው፤ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ የሚወስደው 2 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በባጃጅ ይሄዳል፤ በከተራና በጥምቀት ዕለት ግን መንገዱ በሕዝብ ስለሚሞላ ባጃጅ አያልፍም። ግቢውን ከምሳ በፊት ካያችሁ በአፄ በካፋ ስም የሚታወቀውን የግብር፣ ማለትም የንጉሡ ግብዣ፣ አዳራሽ ሳትዘሉ እዩት። ልጆቹ በዚያ ሰፊ አዳራሽ ውስጥ ቆመው ግብር ምን እንደነበረ ከሰሙ በኋላ መሶብ ሲከፈት የሚያዩበት ዓይን ሌላ ይሆናል። ጥሬ ሥጋን በተመለከተ፣ የስኮትላንዱ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ገብቶ ያየውን ለአገሩ ሰዎች ካወራ ወዲህ የውጭ እንግዳ ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው እርሱን ነው፤ የኮሶ ትል የሚይዘው ከዚያ ስለሆነ ለልጆቹ በደንብ የበሰለውን ይዘዙላቸው።

ጠላ ጠማቂ፣ ከአዘዞ

ወንድማችን ከላይ የጻፉት አብዛኛው ትክክል ነው፤ ስለ ጥር 10 ጠዋት ያሉት ግን እኛን ባለቤቶቹን ይቸግረናል። በገሃድ ዕለት አብዛኞቻችን እህል ሳንቀምስ እንቆያለን፤ ከቀትር በኋላም ነጭ ለብሰን ታቦት እናጅባለን። በዚያ ሰዓት እንግዳ ቢመጣብን ማብላቱን አንተውም፤ ነገር ግን እኛ ቆመን እንግዳው ብቻውን ይበላል፤ አብሮ ያልተበላ ማዕድ ደግሞ እንግዳውንም አያስደስተውም። ስለዚህ እህቴ፣ ለጾሙ ምግብ ከቀናቱ ውስጥ ረቡዕ ወይም ዓርብ የሚውለውን ምረጡ። አማትዎም በዚያ ቀን ይጾማሉና ከእኛ ጋር አብረው ይቆርሳሉ።

ሁለተኛው ነገር ስልጆ ዛሬ ታዝዞ ዛሬ የሚደርስ ምግብ አለመሆኑ ነው። የሱፉ ውሃ ተጠልሎ የባቄላው ዱቄት በእርሱ ይገነፋል፤ ሲቀዘቅዝ ስናፍጩና ነጭ ሽንኩርቱ ገብቶበት፣ ጤና አዳም ጣል ተደርጎበት ለቀናት ተከድኖ ይኮመጥጣል። ምግብ ቤት ለምን አታገኙትም ቢሉ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ቀኑን ቆጥሮ የሚያሰናዳው ቤት ያለ ሰው ነው። በአስጎብኚው በኩል ቢያንስ ከሳምንት በፊት ንገሩን። ደግሞም አማትዎን ይጠይቁልን፤ ስናፍጩ አፍንጫ ድረስ የሚወጣውን ነው የሚያስታውሱት ወይስ ለስለስ ያለውን? የእናታቸው እጅ የትኛው እንደነበረ እርሳቸው ናቸው የሚያውቁት፤ በዚያው መጠን ልንሠራላቸው እንችላለን።

ጠላውን ለማየት ከሆነ ጥር 8 ወይም 9 ኑ። የበዓሉ ጠላ በዚያን ጊዜ ደርሶ ይቆያል፤ ሆኖም ለልጆቹ ከመነሻው ላሳያቸው እወዳለሁና በትንሽ እንስራ ለብቻ ጥንስስ አስቀምጥላቸዋለሁ። እንስራው በግራዋ ታጥቦ በወይራ ሲታጠን ያያሉ፤ ጌሾ ይወቅጣሉ፣ ብቅሉን በእጃቸው ይዘግናሉ። ቂጣው ተጋግሮ እስኪፈረፈርበትና አሻሮው በእንኩሮ መልክ እስኪገባበት ያለውን ደግሞ ቀደም ብሎ ከተጠመቀው ጋን እያሳየሁ አስረዳቸዋለሁ። እነርሱ የሚጠጡት ብርዝ ነው፤ ማሩ በውሃ ተበጥብጦ ጌሾ ሳይነካው የሚቀርብ ስለሆነ አይጎዳቸውም።

ስለ ክፍያ አንዳንዶች ለመናገር ያፍራሉ፤ እኔ ጠላ ሸጬ አራት ልጆች ያሳደግሁ ሴት ነኝና አላፍርም። ከዚህ በፊት አንድ ሰው ከእንግዶቹ ተቀብሎ ለእኔ የማገዶውን እንኳ የማይሸፍን ገንዘብ ሰጥቶኝ ሄዷል። እንግዶቹ አመስግነውኝ፣ አቅፈውኝ፣ ፎቶ አንሥተውኝ ነው የወጡት፤ የከፈሉት ሁሉ ለእኔ የደረሰ መስሏቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ዋጋው በእንግዳውና በአስጎብኚው ፊት ካልተነገረ አልቀበልም። እናንተም የምግቡን ለባለቤቶቹ በእጃችሁ ስጡ፤ የአስጎብኚውን ድካም ለብቻው ክፈሉ። ገንዘብ አልቀበልም የሚሉ እናት ቢያጋጥሟችሁ ግን አታስጨንቋቸው፤ ለእርሳቸው የሚሆነውን አስጎብኚው ያውቃል።

ተጓዥ፣ ከባሕር ዳር

ባለፈው ዓመት ከአባቴ ጋር አራት ቀን ጎንደር ቆይተናል። እኔ እንደማስበው አማርኛ ለሚናገር ቤተሰብ አስጎብኚ የሚያስፈልገው ወደ ሰው ቤት ለመግባት ብቻ ነው፤ ቅዳሜ ገበያን በራሳችሁ ዙሩት። ከቀናታችሁ አንዱ ቅዳሜ ከዋለ ጠዋት ሂዱ፤ በኋላ በመሶብ ላይ የምታገኙት ሁሉ እዚያ በጥሬው ተደርድሮ ይጠብቃችኋል። ነጋዴዎቹ ከየት እንደመጣ ሲጠየቁ ደስ እያላቸው ይናገራሉ፤ ጤፉ ከደምቢያ፣ ገብሱ ከወገራ፣ ሰሊጡ ከመተማ በኩል፣ ኮረሪማው ከሩቅ ከደቡብ ምዕራብ መሆኑን የሰማነው ከእነርሱ ነው። አባቴ የተወቀጠ ጌሾ አሽትቶ ስለ እናቱ ቤት ለግማሽ ሰዓት ያህል ሲያወራኝ ከዚያ በፊት ሰምቼው የማላውቀውን ነገር ሰማሁ።

አንድ ተጨማሪ አለኝ። ጊዜ ካላችሁ ከከተማው በስተሰሜን በደባርቅ መንገድ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብላ ወደምትገኘው ወለቃ በመኪና ሂዱ። ቤተ እስራኤላውያን ወደ እስራኤል ከመሄዳቸው በፊት በሸክላ ሥራ የታወቀች መንደር ናት፤ የሸክላው ሥራ ዛሬም አለ። ምጣድና ጀበና ከምን እንደሚሠሩ ያየ ልጅ እንጀራንና ቡናን ከዚያ በኋላ በሌላ መንገድ ይጠይቃል። ለአማትዎ የሚያደክም መንገድ አይደለም።

ጠያቂዋ፣ ከአዲስ አበባ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። አማቴን ጠየቅኋቸው፤ ስናፍጩ ዓይን የሚያስለቅሰውን ነው ያሉት፤ ይህን ሲሉ ዓይናቸው አስቀድሞ እንባ አቀረረ። የገሃዱን ነገር ባታስተካክሉኝ ኖሮ በባለቤቶቹ ጾም ላይ ልደርስ ነበር። አሁን የቀረኝ ጥያቄ ሁለት ነው። ስልጆው የሚደርሰው ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነ ጠላውንና እርሱን በአንድ ቀን ማድረግ ይቻላል? ወደ ሰው ቤት ስንገባስ ባዶ እጃችንን መግባት ስለሚያሳፍረኝ ምን ይዘን ብንመጣ ይመቻል?

አስጎብኚ፣ ከጎንደር

የጥር 10ን ጠዋት በተመለከተ የአዘዞዋ እናታችን ያሉት ትክክል ነው፤ ሐሳቤን አንሥቻለሁ። ሁለቱን በአንድ ቀን ማድረግ ይቻላል፤ ጠላ የጾም መጠጥ ስለሆነ ከስልጆው ጋር አይጣላም። ቀኑ ከጥር 8 ወይም 9 ጋር ከገጠመ ሁለቱንም በአንድ ቤት ጨርሳችሁ ከሰዓት በኋላ አማትዎ ማረፍ ይችላሉ። ካልገጠመ ጠላውን አስቀድማችሁ እዩ፤ ስልጆውን ከጥምቀት በኋላ ወደሚውለው የጾም ቀን ውሰዱት። ጥር 12 ግን ዓርብ ወይም ረቡዕ መሆኑን የዘመኑን መቁጠሪያ ዓይታችሁ ለዩ፤ ከዋለ ዶሮውን ወደ ጥር 11 ማታ እናዛውረዋለን።

ጠላ ጠማቂ፣ ከአዘዞ

ያልተቆላ ቡናና ስኳር ይዛችሁ ኑ፤ ከዚያ በላይ አያስፈልግም። ቡናውን እናንተ ባላችሁበት ቆልተን አቦሉን፣ ቶናውንና በረካውን አብረን እንጠጣለን፤ ስለዚህ ወደ ሌላ ቤት የምትሄዱበትን ሰዓት ስትቀጥሩ ለቡናው ሁለት ሰዓት ያህል ተዉለት። አማትዎ ዝቅተኛ በርጩማ ላይ መቀመጥ የሚያማቸው ከሆነ አስቀድመው ያስነግሩን፤ መደገፊያ ያለው ወንበር ከጎረቤት አመጣለሁ።