የጅረኑ ፕሮፖዛል፦ ልጆቹ ምን ይሥሩ?

የድራማ ክበብ አስተባባሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ልጆቹን ጅማ አጠገብ ወዳለው ጅረን ለመውሰድ የጻፍነውን የጋራ ረቂቃችንን ደግሜ አነበብኩት። «ተማሪዎች ይሳተፋሉ» የሚል በየገጹ አለ። ምን እንደሚሠሩ ግን የትም የለም። አምና ለወላጆች ቀን ድራማውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ልጆቹ ሸመደዱት። ከመድረክ ሲወርዱ አንዷ «ቲቸር፣ ሳልሳሳት አልኩት አይደል?» አለችኝ። ታሪኩ ስለ ምን እንደሆነ ስጠይቃት ዝም አለች። እስካሁን ይከነክነኛል።

የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ጉብኝት የሚለውን እንቀይረው። ጅረን ወጥተው፣ አስጎብኚ ሰምተው ከተመለሱ ምን ጨበጡ? ዳግማዊ አባ ጅፋር ጅማን ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. መግዛታቸውን ከመጽሐፍም ያገኙታል። የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ልጆች ጥያቄያቸውን ራሳቸው ጽፈው ይውጡ። የእንጨት ሥራውን በእርሳስ ይንደፉ። ማን ጠረበው? እንጨቱስ ከየት መጣ? ድራማውን ከዚያ ተነስተው እነሱ ይጻፉት።

የእንጨት ሥራ ባለሙያ፦
ተባረኪ ልጄ። በርጩማ ይጨመርበት። የጅማ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ምስማር አያውቅም፤ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ነው የሚወጣው። ይሄ በወሬ አይገባም፣ በእጅ ነው። መጥረቢያና መሮ ወዲያው አልሰጣቸውም፤ መጀመሪያ ሳሙና ላይ ይቅረጹ። ንድፉን እነሱ ያውጡ፣ ዋንዛውን እኔ እጠርባለሁ፣ ማለስለሱ የነሱ ነው። አንድ ቅዳሜ አይበቃም፤ 4 አድርጉት።

የወላጆች ተወካይ፦
የጋሼን ሐሳብ ወድጄዋለሁ። የከሰዓት ፈረቃ ልጆች ግን እንዳይረሱ። ደግሞ ቋንቋው። ልጆቹን ለድራማው ጅማ ሂርማታ ገበያ ያሉ እናቶችን በአማርኛ ብቻ ጠይቁ ካልናቸው ብዙ ወሬ ያመልጣቸዋል። በአፋን ኦሮሞም ይጠይቁ፤ ድራማውም በሁለቱም ይሁን። የኔ ልጅ ቤት ውስጥ ከአያቷ ጋር በአፋን ኦሮሞ ስትጫወት ብታዩዋት! ክፍል ውስጥ ድምጿ አይሰማም።

የሚኒ ሚዲያ ተጠሪ፦
ቅዳሜው ጥሩ ነው፤ ግን የክወናና የእይታ ጥበባት ክፍለ ጊዜም ይከበር። እኔ በማውቀው ትምህርት ቤት ሁሌ ለሒሳብ ማካካሻ ይወሰዳል። ፕሮፖዛሉ ላይ በግልጽ ይጻፍ።

የድራማ ክበብ አስተባባሪ፦
ሁሉንም አስገብቻለሁ እትዬ፣ ጋሼ። የትራንስፖርቱን ሒሳብ በኋላ እንሠራዋለን። ቅዳሜ 3 ሰዓት ስንገናኝ ከየክበቡ ሁለት ሁለት ተማሪ ይምጣ፤ ድምፅም ይኑራቸው። ረቂቁን እነሱ ያንብቡት፣ ያልወደዱትን ይሰርዙ። ቀይ እስክሪብቶ እኔ ይዤ እመጣለሁ።