የኩኒፎርም ምልክት ልጽፍ ብል «ሀ0» ይወጣብኛል

የማራኪው፦
እንዴት ናችሁ? ጎንደር ነኝ። ጥንታዊ ጽሕፈቶችን የምታሳይ ትንሽ ፕሮግራም በፓይተን እየሠራሁ ነው። የሜሶጶጣሚያውን ኩኒፎርም፣ ያን በሸምበቆ ጫፍ እርጥብ ጭቃ ላይ እየተጫኑ የሚጽፉትን ሽብልቅ መሳይ ጽሕፈት፣ ላስገባ ብዬ ለየፊደሉ የኮድ ቁጥር የሚሰጠውን የዩኒኮድ ሰንጠረዥ አየሁ። የመጀመሪያው ምልክት 12000 ነው። ባክስላሽ፣ ትንሿ ዩ፣ 12000 ብዬ ጻፍሁ። የወጣው «ሀ0»! የኛው ሀ፣ ከኋላው ዜሮ። ሁለት ሌሊት ፎንት ስቀያይር አነጋሁ። የግዕዝ ኪቦርድ ስለጫንሁ ይሆን?

አዘዞ ኮደር፦
ወንድምዓለም፣ ኪቦርዱን ተወው። ትንሿ ዩ 4 አሃዝ ብቻ ነው የምታነበው። 1200 ላይ ትቆማለች፣ 1200 ደግሞ የሀ ኮድ ነው፣ የተረፈችው ዜሮ እንዲሁ ከኋላ ትለጠፋለች። ግዕዝ እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ ባለ 4 አሃዙ ሰፈር ነው የደረሰው፤ ኩኒፎርም በ2006 ሲገባ ባለ 5 አሃዙ። በትልቁ ዩ ጻፈው። እሱ 8 አሃዝ ስለሚፈልግ ከፊት ዜሮ ሙላበትና 00012000 በል።

የማራኪው፦
ኧረ ተባረክ! ሀ ጠፋ። አሁን ግን ባዶ ሳጥን ነው የማየው።

አዘዞ ኮደር፦
እሱ ነው የፎንት ችግር። ኖቶ ሳንስ ኩኒፎርምን ጫን፣ በነፃ ነው። ዳታቤዝህ ማይኤስኪውኤል ከሆነም ቶሎ እየው። «ዩቲኤፍ 8» የሚለው የድሮው የፊደል ማስቀመጫ አማራጭ ለአንድ ፊደል ከ3 ባይት በላይ አይቀበልም። ግዕዝ 3 ስለሆነ ያልፋል፣ ኩኒፎርም 4 ነው። አማርኛው ገባልኝ ብለህ እንዳትዘናጋ፣ «ኤምቢ 4» የተጨመረበትን ምረጥ።

የብራና ልጅ፦
እኔም አንድ ነገር ልበል። ምልክቶቹ በዘመን ብዛት መልካቸው በጣም ተለውጧል። «አን» የሚባለውን ተመልከት፤ ሰማይ ማለት ነው፣ «ዲንጊር» ተብሎ ሲነበብ ደግሞ አምላክ። ጥንት ኮከብ ነበር፣ ኋላ አሦራውያን ጋ ሲደርስ ጥቂት ሽብልቆች ብቻ ቀሩት። ኮዱ ግን ያው አንድ ነው። አባቴ ብራና ጸሐፊ ናቸው፣ የሳቸው ሀ እና የጓደኛቸው ሀ አይመሳሰልም፣ ሁለቱም ግን ሀ ነው። እንደዚያ በለው። የሁለቱን ዘመን መልክ ጎን ለጎን ማሳየት ከፈለግህ ኮዱን አትንካ፣ የየዘመኑን ፎንት ፈልግ።

የማራኪው፦
ፎንቱን ጫንሁ፣ «አን»ን ሞከርሁ። ኮከቡ ወጣ! እያንዳንዱ ጨረር ጫፉ ላይ ሽብልቅ አለው። አባትህን ሰላም በልልኝ።